ቲዎረሙን ከነቅድመ ሁኔታው ያዢው

ባሕር ዳር

ውድ ልጄ፣

ይህን ደብዳቤ ከሻንጣሽ ስታገኚው አምስት ኪሎ ደርሰሽ፣ ዶርም ተመድቦልሽ፣ አልጋሽን አንጥፈሽ ይሆናል። መንገድሽን እግዚአብሔር ያቅናልሽ። እናትሽ ስለ ምግቡም፣ ስለ ብርዱም፣ ስለ ገንዘብ አያያዝም የምትመክርሽን መክራሻለች፤ እኔ አልደግመውም። እኔ የምጽፍልሽ ክረምቱን ሙሉ ስታነሺው ስለ ከረምሽው ጉዳይ ነው፤ ስለ ሒሳብ።

ፍሬሽማን ሳለሽ ከጓደኞችሽ ጋር ከወርክሺቱ ውጭ ያሉ ጥያቄዎችን እያደናችሁ፣ ላይብረሪው እስኪዘጋ ድረስ ስትሠሩ ታመሹ እንደነበር ነግረሽኛል። አፕላይድ ማትስ ሲያልቅ ሌላው ተማሪ «ተገላገልን» ሲል እናንተ ቅር ብሏችኋል። አሁን ሜካኒካል ከገባሽ ደግሞ አራት ኪሎ እየወረድሽ ከሒሳብ ትምህርት ክፍል ተማሪዎች ጋር ሪል አናሊሲስ መማር አምሮሻል። አክስትሽ «መሐንዲስ ለመሆን ይህ ሁሉ ምን ያደርግልሻል?» ብላሻለች፤ ከልቧ ስለምታስብልሽ ነው። ሲኒየሮችሽም «ለሥራ አይጠቅምም፤ ጂፒኤሽን ይጎዳዋል» ብለውሻል። የእኔ ምክር ውረጂና ተማሪው ነው። ይህን በሁለት ቃል መጨረስ እችል ነበር፤ ነገር ግን ለምን እንደምልሽና ስትማሪው ምኑን አጥብቀሽ መያዝ እንዳለብሽ ማወቅ አለብሽ። ዓመቶቹን ሁሉ በፈረንጅ አቆጣጠር የምጽፍልሽ መጻሕፍትሽ ላይ እንዲያ ስለምታገኚያቸው ነው።

ከሙያዬ ልነሣ። ዕድሜዬን ያሳለፍሁት ከኮንክሪት ጋር ነው። ሲሚንቶ ከውሃ ጋር ሲገናኝ ሙቀት ያወጣል። በቤት ግድግዳ ወይም በምሰሶ ላይ ይህ ሙቀት ቶሎ ስለሚወጣ አያስጨንቅም። ግድብ ላይ ግን መሐሉ እንደጋለ ይቆያል፣ ላዩ ይቀዘቅዛል። ላዩ ሲኮማተር መሐሉ አብሮት አይኮማተርም፤ ያን ጊዜ ኮንክሪቱ ይሰነጠቃል። ስለዚህ ግድብ የሚሠራ መሐንዲስ አስቀድሞ የሚጠይቀው ይህ ሙቀት በስንት ጊዜ ይወጣል ብሎ ነው።

እስኪ አብረን እናስላው። በሁለቱም ጎኑ የሚቀዘቅዝ ወፍራም የኮንክሪት ግድግዳ ውሰጂ። ሙቀት በኮንክሪት ውስጥ የሚሰራጭበት መጠን በሰከንድ አንድ ካሬ ሚሊሜትር ገደማ ነው። የውፍረቱን ካሬ በዚህ መጠን፣ ቀጥሎም በፓይ ካሬ ስታካፍዪው፣ ትርፉ ሙቀት ከመቶ ወደ 37 የሚወርድበትን ጊዜ ታገኛለሽ። ግድግዳው 1 ሜትር ቢወፍር 28 ሰዓት ገደማ ነው። 10 ሜትር ቢሆን 117 ቀን ይሆናል። 200 ሜትር ቢሆን ደግሞ 128 ዓመት። ውፍረቱ በ200 ሲባዛ ጊዜው በ40,000 ተባዛ ማለት ነው። ይህን ሳይረዳ ትልቅ ነገር የሚገነባ ሰው፣ ትንሹን ሲሠራ ያካበተው ልምድ ሁሉ ያሳስተዋል።

200 ሜትር ያልሁሽ በዘፈቀደ አይደለም። በአሜሪካ፣ በኮሎራዶ ወንዝ ላይ ያለው የሁቨር ግድብ ከግርጌው ይህን ያህል ይወፍራል። መሐንዲሶቹ ግድቡ አንድ ወጥ ሆኖ ቢሞላ ለመቀዝቀዝ ከመቶ ዓመት በላይ እንደሚፈጅ አስልተው ነበር። ስለዚህ በብሎክ በብሎክ ከፋፍለው ሞሉት፤ በኮንክሪቱም ውስጥ ቀጫጭን የብረት ቧንቧ ቀብረው ቀዝቃዛ ውሃ አሳለፉበት። የቧንቧው ርዝመት ሲደመር ከ900 ኪሎ ሜትር ይበልጣል። የእኛው የሕዳሴ ግድብ፣ ዋናው አካሉ፣ የተሠራው በሮለር በሚጠቀጠቅ ኮንክሪት ነው። በዚህ ዘዴ ሲሚንቶው ከተለመደው ያንሳል፤ ኮንክሪቱም በስስ በስሱ እየተነባበረ ይወጣል። ዘዴው የሚመረጠው ለፍጥነቱና ለወጪው ብቻ አይደለም፤ ሙቀቱን ልክ ስለሚያስይዘውም ነው።

አሁን ልጠይቅሽ፤ ያ ፓይ ከየት መጣ? ግድግዳው ክብ የለበትም።

ብዙ መሐንዲስ ቀመሩን ከመጽሐፍ አውጥቶ ይሠራበታል፤ ይህን ሳይጠይቅ ጡረታ ይወጣል። ሥራውም ይሠራለታል፤ አልነቅፈውም። አንቺ ግን መጠየቅ ስለምትወጂ ልንገርሽ። በግድግዳው ውስጥ ያለውን ሙቀት የሳይን ሞገዶች ድምር አድርገሽ እዪው። ከሁሉ ዋናው ሞገድ ከአንዱ ጎን ከዜሮ ተነሥቶ፣ መሐል ላይ ከፍ ብሎ፣ በሌላው ጎን ተመልሶ ዜሮ የሚሆነው ነው። የሙቀት ኢኩዌሽን ይህን ሞገድ ሁለት ጊዜ ዲፈረንሺዬት እንድታደርጊው ያዝሻል፤ ስታደርጊው ፓይ ለውፍረቱ ተካፍሎ፣ ካሬ ሆኖ ይወጣል። ሁለተኛው ሞገድ በአራት እጥፍ፣ ሦስተኛው በዘጠኝ እጥፍ ፍጥነት ይከስማል። ለዚህ ነው ጥቂት ጊዜ ካለፈ በኋላ የመጀመሪያው ሞገድ ብቻውን የሚቀረው፤ ለዚህም ነው ያ አጭር ቀመር ለግምት የሚበቃው። እነሆ ቅድመ ሁኔታው፦ ጥቂት ጊዜ ካለፈ በኋላ። ኮንክሪቱ በተሞላ በመጀመሪያዎቹ ቀናት፣ ሲሚንቶው ገና ሙቀት እያወጣ ሳለ፣ ይህን ቀመር የሚጠቀም ሰው ይሳሳታል።

መንገዱን የከፈተው ዦሴፍ ፉሪዬ ነው። በ1798 ከናፖሊዮን ጋር ግብፅ የዘመተ፣ ከዚያም ግሬኖብል ላይ ተሹሞ ረግረግ ሲያስጠፋና መንገድ ሲያስጠርግ የኖረ ሰው ነው፤ የሙቀት ጥናቱን የሠራው በዚያው በአስተዳዳሪነቱ ዘመን ነው። በ1807 ጽሑፉን ፓሪስ ላይ ሲያቀርብ ገምጋሚዎቹ የዘመኑ ታላላቆች ነበሩ፤ ላግራንዥም ላፕላስም ነበሩባቸው። ላግራንዥ አልተቀበለውም። ማዕዘን ያለውም ይሁን መሐሉ ላይ የተቆረጠ ማናቸውም ፈንክሽን የሳይንና የኮሳይን ድምር ሆኖ ይጻፋል የሚለውን አባባል በምን ያምነው? ፉሪዬ መልሱ ትክክል ሲሆንለት ያይ ነበር፤ መቼ ትክክል እንደሚሆን ግን በጥብቅ ማሳየት አልቻለም። መጽሐፉ በ1822 ወጣ፤ ጥያቄው ግን እንደተከፈተ ቀረ።

ከዚያ በኋላ የሆነውን ልብ በዪ። በ1829 ዲሪሽሌ ድምሩ በየትኞቹ ፈንክሽኖች ላይ እንደሚሠራ ቅድመ ሁኔታዎቹን አስቀመጠ። በ1854 ሪማን ያንኑ ጥያቄ ሲያጠና ለኢንቲግራል ጥብቅ ፍቺ ሰጠ፤ ዛሬ በስሙ የሚጠራውን ማለቴ ነው። በ1870ዎቹ መጀመሪያ ካንቶር አንድ ፈንክሽን የዚህ ዓይነት ድምር ሁለት ሊኖረው ይችላል ወይ ብሎ ሲመረምር፣ ከነጥቦች ስብስብ ጋር መታገል ግድ ሆነበት፤ የስብስቦች ትምህርት የጀመረው ከዚያ ነው። በ1902 የሌቤግ ኢንቲግራል መጣ። እንግዲህ አራት ኪሎ ወርደሽ የምታገኚው ሪል አናሊሲስ፣ እጅግ ረቂቅ ነው የሚባለው ትምህርት፣ ከሥሩ አንድ የጋለ ብረት እንዴት ይቀዘቅዛል የሚል ጥያቄ አለበት። ትምህርቱ ከምህንድስና የራቀ ነው ሲሉሽ ይህን አስታውሺ። እዚያ ክፍል ስትቀመጪ እንግዳ ሆነሽ አይደለም።

ጥብቅነቱ ለመሐንዲስ ምን ይጨምራል? ይህንንም ጠይቀሽኝ ነበር። አንድ ምሳሌ ልስጥሽ፤ በምትማሪው የሲግናል ትምህርት በቅርቡ ታገኚዋለሽ። የካሬ ሞገድን በፉሪዬ ሲሪየስ ስትጽፊው፣ ሞገዱ ከታች ወደ ላይ በሚዘልበት ቦታ አጠገብ ድምሩ ከልኩ አልፎ ይወጣል፤ የዝላዩን ከመቶ 9 ያህል። ተርሙን መቶ አድርጊው፣ ሺህ አድርጊው፣ ጉብታው ይጠባል እንጂ ቁመቱ አይቀንስም። የጊብስ ክስተት ይሉታል። ተማሪ ግራ ይገባዋል፤ ሲሪየሱ ወደ ፈንክሽኑ ይደርሳል ተብሎ ተምሯልና። ሪል አናሊሲስ የተማረ ሰው ግን በእያንዳንዱ ነጥብ ለየብቻ መድረስና በሁሉም ነጥብ ባንድነት መድረስ ሁለት የተለያዩ ነገሮች መሆናቸውን ያውቃል፤ እዚህ ያለው የመጀመሪያው ነው። ይህን የማያውቅ መሐንዲስ ኮምፒዩተሩ ላይ ጉብታውን አይቶ ማሽኑ በእውነት ተንቀጠቀጠ ሊል ይችላል። ወይም ሲሪየሱን ተርም በተርም ዲፈረንሺዬት አድርጎ የማይሆን መልስ ያገኝና ሶፍትዌሩን ይወቅሳል። ጥብቅነቱ ለጌጥ አይደለም፤ የትኛውን እርምጃ መራመድ እንደተፈቀደልሽ የሚነግርሽ እርሱ ነው።

ልጄ፣ ቲዎረም ሁለት ክፍል አለው፤ «እንዲህ ከሆነ» የሚለውና «እንዲህ ይሆናል» የሚለው። እኛ ስንማር ሁለተኛውን በቀይ ቀለም አሥምረን እንሸመድድ ነበር፤ ፈተና የሚመጣው እርሱ ነውና። ሥራ ላይ ግን ሰው የሚገድለው የመጀመሪያው ነው። ከዚህ ደብዳቤ ሌላውን ሁሉ ብትረሺ እንኳ ይህችን ያዢልኝ።

የታኮማውን ድልድይ ፊልም አሳይቼሽ አውቃለሁ። በ1940 ኖቬምበር 7 በአሜሪካ በዋሽንግተን ግዛት የወደቀው ነው። በሁለቱ ማማዎች መካከል 853 ሜትር ነበር፤ ከተከፈተ ገና አራት ወሩ። የዚያን ዕለት የነፈሰው ነፋስ በሰዓት 65 ኪሎ ሜትር ገደማ ነው፤ ማዕበል የሚባል አልነበረም። ድልድዩ መጀመሪያ ወደ ላይና ወደ ታች ተወዛወዘ፤ ኋላ ግራና ቀኙ እየተፈራረቀ ይጠማዘዝ ጀመር፤ ረፋዱ ላይ መሐሉ ተበጥሶ ውሃ ውስጥ ገባ።

ብዙ የመማሪያ መጽሐፍ «ሬዞናንስ ነው» ብሎ በአንድ አንቀጽ ያልፈዋል። የሬዞናንስ ቀመር ትክክል ነው፤ ግን ቅድመ ሁኔታ አለው። ከውጭ የሚመጣው ኃይል የራሱ የሆነ ምት ሊኖረው ይገባል፤ ያም ምት ከመዋቅሩ የተፈጥሮ ምት ጋር መግጠም አለበት። የዚያን ዕለት ነፋሱ ድልድዩን ሲያልፍ የሚፈጥራቸው አዙሪቶች በሰከንድ አንድ ጊዜ ገደማ ይመቱ ነበር። ድልድዩ ግን የሚጠማዘዘው በአምስት ሰከንድ አንድ ጊዜ ነው። አልገጠሙም። ቢላህና ስካንላን የሚባሉ ሁለት ተመራማሪዎች በ1991 ይህን የመማሪያ መጻሕፍት ስሕተት በጽሑፍ አሳይተዋል። የሆነው እንዲህ ነው፦ ድልድዩ ሲጠማዘዝ ነፋሱ የሚያሳርፍበት ግፊት ራሱ ይለወጣል፤ የተለወጠው ግፊት ደግሞ ጥምዘዛውን በሚሄድበት አቅጣጫ ይገፋዋል። መወዛወዙ ራሱን መመገብ ጀመረ።

ይህን አፕላይድ ማትስ ላይ በተማርሽው በሁለተኛ ደረጃ ዲፈረንሻል ኢኩዌሽን ጻፊው። ከፍጥነቱ ጋር የሚባዛው ቁጥር፣ መወዛወዙን የሚያበርደው፣ ፖዘቲቭ ነው ብለሽ ነው የለመድሽው። ነፋሱ ሲበረታ ያ ቁጥር ዜሮን አልፎ ኔጌቲቭ ይሆናል፤ መልሱ ላይ ያለው ኤክስፖኔንሻል ከመክሰም ይልቅ ያድጋል። የለወጥነው አንድ ምልክት ብቻ ነው። ሬዞናንስ ነው ያለ ሰው መድኃኒቱን ምቱን በማራራቅ ይፈልጋል፤ ምልክቱን ያየ ሰው ግን ነፋሱ ከመዋቅሩ ጋር የሚገናኝበትን ቅርጽ ይለውጣል። በ1950 የተከፈተው ተተኪው ድልድይ ጎኑ እንደ ቀድሞው ድፍን ብረት አልነበረም፤ ነፋስ የሚያሳልፍ ጥልቅ የብረት ጥልፍልፍ ተደረገለት፤ ሞዴሉም በነፋስ መፈተኛ ውስጥ ተፈተነ። ሒሳብ የሚወድ መሐንዲስ ከማይወደው የሚለየው እዚህ ላይ ይመስለኛል። ሁለቱም ቀመሩን ያውቁታል፤ የሚወደው ግን ምልክቱ እንዲያ መሆኑን ማን እንደፈቀደ ሳይጠይቅ እንቅልፍ አይወስደውም።

የኑሜሪካል ሜተድስ ትምህርትን ደግሞ አትናቂብኝ። ቲዎረም የሚወዱ ልጆች ይንቁታል፤ ቁጥር መደመር ይመስላቸዋል። የማይናቅበትን ምክንያት ላሳይሽ። በ1991 በባሕረ ሰላጤው ጦርነት ሳዑዲ አረቢያ፣ ዳህራን ላይ የነበረ የፓትሪዮት ፀረ ሚሳይል ሥርዓት ጊዜን የሚቆጥረው በሰከንድ አንድ አሥረኛ ነበር። 0.1 በዜሮና በአንድ ሲጻፍ ማለቂያ የለውም፤ ማሽኑ ግን 24 ቢት ላይ ቆረጠው። የተቆረጠው ከአንድ ሰከንድ አንድ ሚሊዮንኛ ያንሳል። ማሽኑ ሳይጠፋ 100 ሰዓት ከሠራ በኋላ ስሕተቱ 0.34 ሰከንድ ደረሰ፤ በዚያች ቅጽበት የሚመጣው ሚሳይል ከ500 ሜትር በላይ ይጓዛል። ሥርዓቱ የተሳሳተ ቦታ ሲፈልገው ሚሳይሉ አልፎ 28 ወታደሮች ገደለ።

ስለ ትምህርቶቹ ቅደም ተከተል ካነሣን፣ ሁሉን ባንድ ጊዜ አትፈልጊው። ሊኒየር አልጀብራን እንደገና ተማሪው፤ የማትሪክስ አባዛዝ ሳይሆን ስለ ቦታና ስለ አቅጣጫ የሚነግርሽን። ፕሮባቢሊቲ ቶሎ ያዢ። ሪል አናሊሲስን ለጊዜው በማድመጥ ጀምሪው፤ ኮምፕሌክስ አናሊሲስን ለኮንትሮል ትምህርትሽ ስትፈልጊው ራሱ ይጠራሻል። ሌላው ይቆያል፤ አይጠቅምም ማለቴ ግን አይደለም። የሒሳብ ሊቁ ቡል በ1854 የአስተሳሰብን ሕግ በአልጀብራ ሲጽፍ ስለ ኤሌክትሪክ መቆጣጠሪያ አላሰበም። በ1937 ሻነን የተባለ የኤምአይቲ ተማሪ ለማስተርስ ጽሑፉ ያንን አልጀብራ በሪሌ ሰርኪዩት ላይ አዋለው፤ ዛሬ በእጅሽ የያዝሽው ስልክ የሚያስበው በዚያ ነው። ሻነን ግን ሪሌውንም በእጁ ያውቀው ነበር። አልጀብራውን ብቻ የሚያውቁ ሞልተዋል፣ ሪሌውን ብቻ የሚያውቁም እንዲሁ፤ ሁለቱን የያዘው ነው ዝምድናቸውን ያየው።

በዚህ ምክንያት ወርክሾፑን አትሽሺ። የማሽን ድሮዊንግ ሲሰለችሽ፣ ብየዳ ላይ እጅሽ ሲጠቁር «እኔ የቲዎሪ ሰው ነኝ» አትበዪ። ሒሳብ የሚወዱ ተማሪዎች ዘንድ ያየሁትና የማልወደው ነገር ይህ ነው፤ ሲሰባሰቡ ሌላውን ማሳነስ ይጀምራሉ። «እርሱ ሸምዳጅ ነው»፣ «እርሷ ቀመር ብቻ ነው የምታውቀው» ይላሉ። ያ ልጅ ምናልባት አንቺ የማታውቂውን የሌዝ ማሽን ድምፅ ሰምቶ ቢላው መደነዙን ያውቃል። የቴክኒክ ሠራተኞቹን በስማቸው ጥሪያቸው፣ ታላላቆችሽን አንቱ በያቸው፣ ጠይቂያቸው። በሠራሁባቸው ቦታዎች ሁሉ ስሌቴ የት ላይ ከመሬቱ ጋር እንደማይስማማ ቀድመው የሚነግሩኝ እነርሱ ነበሩ።

አጠናንሽን በተመለከተ የማውቀውን ልንገርሽ። የቲዎረሙን ማረጋገጫ ካነበብሽ በኋላ መጽሐፉን ዘግተሽ በራስሽ እጅ ጻፊው። ከዚያ ከቅድመ ሁኔታዎቹ አንዱን ሰርዢና ቲዎረሙን የሚያፈርስ ምሳሌ ፈልጊ። ይህ ጊዜ ይወስዳል፤ አንዳንዱ ምሽቱን ይጨርሰዋል፤ አትዘኚ። ምሳሌውን ስታገኚ ያ ቅድመ ሁኔታ ለምን እንደተቀመጠ ማንም ሳይነግርሽ ይገባሻል። በመጨረሻም ወደ ቁጥር ውረጂ፤ ሜትር፣ ሰከንድ፣ ኒውተን ያለው ቁጥር። ከላይ ያሳየሁሽን 28 ሰዓትና 128 ዓመት በእጅሽ እስካላወጣሽው ድረስ የሙቀትን ኢኩዌሽን አውቄዋለሁ አትበዪ። የድሮ ፈተና ሰብስቦ መሥራቱ ለፈተና ይረዳል፤ ሥሪው፤ ከእርሱ ጋር ግን አትቅሪ። ያ ቡድናችሁ እንዳይበተን፤ ላልገባው ስታስረዱ ነው ያልገባችሁ የሚገለጥላችሁ፤ ቸካይ የሚሏችሁንም ልጆች ጥሯቸው፣ ገብተው ይመልከቱ።

ክፍልሽ ውስጥ ሴቶች ጥቂት እንደሚሆኑ ታውቂያለሽ፤ የሒሳቡ ክፍል ውስጥም ብቻሽን ልትቀመጪ ትችያለሽ። የሶፊ ዠርሜንን ታሪክ ላጫውትሽ። በ1776 ፓሪስ ተወለደች። ወላጆቿ ሌሊት እንዳታጠና እሳቱንና ሻማውን ነፍገዋት ነበር ይባላል። የዘመኑ ከፍተኛ ትምህርት ቤት ሴት አይቀበልም ነበርና የሌክቸሩን ማስታወሻ እያስመጣች አነበበች፤ ለላግራንዥም በወንድ ስም ጻፈችለት። በ1816 የሳይንስ አካዳሚው ሽልማት የተሰጣት ስስ ሳሕን መሰል ነገሮች እንዴት እንደሚንቀጠቀጡ ስላጠናች ነው፤ አንቺ በንዝረትና በመካኒክስ ትምህርትሽ የምታገኚው ነገር መነሻ ማለት ነው። የመጀመሪያ ሙከራዋ ስሕተት ነበረበት፤ ላግራንዥ ኢኩዌሽኑን አቀናው፤ እርሷም ደግማ፣ ሠልሳ አቀረበች። የአካዳሚው ስብሰባ ላይ እንድትገባ ያስፈቀደላት በኋላ የተቋሙ ጸሐፊ የሆነው ፉሪዬ ነው። የኢፍል ማማ ሲሠራ በዙሪያው የ72 ሊቃውንትና መሐንዲሶች ስም ተጽፏል፤ ላግራንዥም ፉሪዬም አሉበት፤ ማማው የቆመው በብረት የመለጠጥ ዕውቀት ሆኖ ሳለ የእርሷ ስም ያኔ አልተካተተም። ይህን የምነግርሽ ላስከፋሽ አይደለም። እኔና እናትሽ ለአንቺ መብራቱን አብርተን የምንጠብቅ ወላጆች መሆናችንን እንድታውቂ ነው። ማንም «ይህ የሴት አይደለም» ቢልሽ ክርክር ውስጥ አትግቢ፤ ጥያቄውን ሰሌዳው ላይ ሥሪለት።

ሊመጣ የሚችል ችግር ደግሞ አለ። ሒሳብ የሚወድ ሰው አንዳንድ ጊዜ ሕይወት ሲከብደው ወደ ሒሳቡ ይሸሻል፤ ከሰው ይርቃል፤ ምግብ ይረሳል። ይህ ሲጀምርሽ እወቂው። ጥያቄው አልፈታ ሲልሽ ተነሥተሽ እስከ ስድስት ኪሎ በእግርሽ ውጪ፣ ከጓደኛ ጋር ቡና ጠጪ፣ ተኚ። የሰንበት ቅዳሴሽን አትተዪ። ውጤትሽ አንድ ሴሚስተር ዝቅ ቢል ከእኛ አትደብቂው፤ አንቆጣም። ሪል አናሊሲስ ለመጀመሪያ ጊዜ የሚማር መሐንዲስ ሁሉ መጀመሪያ ይደናገጣል፤ ስሌት የለመደ እጅ ማረጋገጫ መጻፍ ሲጀምር ከፊደል እንደጀመረ ሰው ይሆናል። እስከ ሴሚስተሩ አጋማሽ ታገሺው።

አሁን የምታደርጊውን ልንገርሽ። ምዝገባው ሳያልፍ የትምህርት ክፍልሽን አማካሪ አነጋግሪ፤ ትምህርቱን ለውጤት ሳይሆን ለማድመጥ ብቻ መከታተል ይቻል እንደሆነ ጠይቂ፤ ከተቻለ በመጀመሪያው ጊዜ እንዲያ ይሻልሻል። አራት ኪሎ ወርደሽ ለአስተማሪውም በአካል ቅረቢና መሐንዲስ መሆንሽን ንገሪያቸው፤ ከፈቀዱልሽ ከፊት ተቀመጪ። ለመጽሐፍ የሚሆን ገንዘብ ከእናትሽ ገንዘብ ለይቼ በሌላው ፖስታ አድርጌዋለሁ፤ ለሌላ ነገር እንዳታውዪው። ከሻንጣው ሥር ሰማያዊ ደብተር አለ፤ እኔ በግድብ ሥራ ላይ ሳለሁ የሠራኋቸው የሙቀት ስሌቶች ናቸው። ገጾቹ ላይ ያስቀመጥኋቸውን ግምቶች አንድ በአንድ እያየሽ፣ ዛሬ የማትቀበዪውን በእርሳስ ክበቢውና ለገና ስትመጪ አምጪልኝ፤ አብረን እንከራከርበታለን።

እንደ ደረስሽ ለእናትሽ ደውዪላት።

አባትሽ